ከምንጭ ኮድ በተገነባ ሊኑክስ ላይ የተጫኑ ፓኬጆችን መከታተል

«ሜክ ኢንስቶል» የተባለው ትዕዛዝ ፋይሎችን ወደየቦታቸው ይገለብጣል እንጂ ምኑን የት እንዳስቀመጠ አይመዘግብም። ፕሮግራሙ ወደ /ዩኤስአር/ቢን፣ ላይብረሪው ወደ /ዩኤስአር/ሊብ፣ የአጠቃቀም መመሪያው ወደ /ዩኤስአር/ሼር/ማን ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ በተርሚናሉ ላይ ያለፈው ጽሑፍ ብቻ ይቀራል፤ እሱም መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። የዴቢያን ወይም የፌዶራ ተጠቃሚ ይህን ጉድለት አያውቀውም። በእነዚህ ሲስተሞች ላይ ዲፒኬጂ ወይም አርፒኤም እያንዳንዱን ፋይል ከፓኬጁ ስም ጋር አያይዞ ይመዘግባል፤ ዴቢያን ለምሳሌ የየፓኬጁን የፋይል ዝርዝር በ/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ኢንፎ ውስጥ ያኖራል። ሲስተሙ በሙሉ ከምንጭ ኮድ ሲገነባ ግን መዝገብ ያዡ ገንቢው ራሱ ነው።

ጄራርድ ቤክማንስ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመሩት «ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» የተባለ መጽሐፍ ወደ 80 የሚጠጉ ፓኬጆችን አንድ በአንድ ኮምፓይል በማድረግ ሙሉ ሲስተም ማቆምን ያስተምራል። የፓኬጅ ማኔጀር ግን አይመርጥም። ያሉትን አማራጮች ዘርዝሮ ውሳኔውን ለአንባቢው ይተዋል። መሠረታዊው ሲስተም ብቻ ሳለ ይህ ብዙም አያስቸግርም። የግራፊክስ ሥርዓት፣ ብራውዘርና የድምፅ ሶፍትዌር ሲጨመሩበት ግን የፓኬጁ ቁጥር በመቶዎች ይሆናል፤ ያን ጊዜ በማስታወስ መሥራት ያከትማል። እህል ጎተራ ከገባ በኋላ የትኛው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ መለየት እንደማይቻል ሁሉ፣ ፋይሎችም /ዩኤስአር ውስጥ ከተቀላቀሉ በኋላ ባለቤታቸውን ለይቶ ማወቅ እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ምዝገባው ፋይሉ ሲስተሙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ካልሆነም በሚገባበት ቅጽበት መደረግ አለበት።

መዝገቡ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ከመዝገቡ ምን መልስ እንደሚፈለግ መወሰን ይቀድማል። የትኛው ፓኬጅ በየትኛው ቨርዥን ተጭኗል? የትኞቹን ፋይሎች አስቀመጠ? ይህ ፋይል የማን ነው? ይህን ላይብረሪ የሚጠቀሙት እነማን ናቸው? የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በሥርዓት የተያዘ የፋይል ዝርዝር ይመልሳቸዋል። አራተኛው ግን ከዝርዝር አይገኝም፤ ፕሮግራሞቹን ራሳቸውን መመርመር ይጠይቃል፤ ወደ በኋላ ይነሣል።

የቨርዥን ጥያቄ ከሁሉ ቀላሉ ይመስላል። ክብደቱ የሚታወቀው የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ተጠቂ የነበሩት የኦፕንኤስኤስኤል ቨርዥኖች ከ1.0.1 እስከ 1.0.1ኤፍ ያሉት ነበሩ። በመጋቢት 29 ቀን 2024 ደግሞ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው የሶፍትዌር ባለሙያ ኤክስዚ በተባለው የማመቂያ ፓኬጅ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጀርባ በር ማግኘቱን አሳወቀ። ያ ተንኮል የሚነቃው የዴቢያን ወይም የአርፒኤም ፓኬጅ ሲገነባ ስለነበር በእጃቸው የገነቡ ሰዎች ከዋናው አደጋ ድነዋል። ቢሆንም ሁሉም በዚያ ዕለት በመጀመሪያ መመለስ የነበረባቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ እኔ ጋ ያለው ስንተኛው ቨርዥን ነው?

የመዝገቡ ቦታና ይዘት

የመጀመሪያው ሥራ በ/ቫር/ሊብ ሥር ለመዝገቡ አንድ ፎልደር መፍጠር ነው። በውስጡ እያንዳንዱ ፓኬጅ በስሙና በቨርዥኑ የተሰየመ የራሱ ንዑስ ፎልደር ይኖረዋል። በዚህ ንዑስ ፎልደር ውስጥ የተጫኑት ፋይሎች ሙሉ ዝርዝር፣ ፓኬጁ የተገነባበት ስክሪፕት፣ የምንጭ ኮዱ የወረደበት አድራሻና የሻ256 አሻራው፣ ተጨማሪ ፓች ካለም ፓቹ ይቀመጣሉ። ፓኬጁ ሲገነባ የትኞቹን ሌሎች ፓኬጆች እንደፈለገ በአንድ መስመር መጻፉም አይከፋም።

ከፋይል ዝርዝሩ ቀጥሎ ከሁሉ የሚበልጠው ስክሪፕቱ ነው። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ፓኬጅ ሲታደስ ገንቢው የሚረሳው ፓኬጁ መኖሩን ሳይሆን ለ«ኮንፊገር» የሰጣቸውን አማራጮች ነው። አንድ አማራጭ ሲቀር አንድ ሌላ ፕሮግራም በድንገት መሥራት ያቆማል፤ ምክንያቱን መፈለግ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ትዕዛዞች በተርሚናል ላይ በቀጥታ ከሚጻፉ መጀመሪያ በስክሪፕት ተጽፈው ስክሪፕቱ ቢሠራ ይሻላል፤ መዝገቡም ያኔ ሳይደክሙበት ይገኛል።

መዝገቡ ተራ ጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ዳታቤዝ ፍጥነት አለው፤ ነገር ግን መዝገቡ ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለገው ሲስተሙ ተበላሽቶ በማዳኛ ፍላሽ በተነሣበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ፓይተን ወይም የዳታቤዝ ላይብረሪ ላይኖር ይችላል፤ ግሬፕ ግን ሁልጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፓትሪክ ቮልከርዲንግ ስላክዌር የፓኬጅ መዝገቡን እስከ ዛሬ በተራ የጽሑፍ ፋይሎች መያዙ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ዋናው መንገድ፦ በማረፊያ ፎልደር መጫን

አብዛኞቹ ፓኬጆች «ደስትዲር» የተባለ ተለዋዋጭ ያውቃሉ። ይህ ተለዋዋጭ የፎልደር አድራሻ ሲሰጠው ጫኚው ሁሉንም ፋይል ከሩት ሳይሆን ከዚያ ፎልደር ጀምሮ ያስቀምጣል፤ ወደ /ዩኤስአር/ቢን የሚሄደው ፋይል በማረፊያው ውስጥ ባለ /ዩኤስአር/ቢን ያርፋል። ትልልቆቹ ዲስትሪቢውሽኖች ፓኬጆቻቸውን የሚያዘጋጁትም በዚሁ ዘዴ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ይሄዳል። ፓኬጁ በ«ኮንፊገር» ጊዜ ፕሪፊክሱ /ዩኤስአር ተብሎ ይዋቀራል፤ ከዚያ ኮምፓይል ይደረጋል። ባዶ ማረፊያ ፎልደር ይፈጠራል። «ሜክ» ከተባለ በኋላ ደስትዲር እኩል ይሆናል የማረፊያው ሙሉ አድራሻ ተብሎ ይጻፍና «ኢንስቶል» ይከተላል። በሜሶንና በሲሜክ ለሚገነቡ ፓኬጆች ደስትዲር ከትዕዛዙ በፊት እንደ አካባቢ ተለዋዋጭ ይቀመጣል። ለፓይተን ፓኬጆች ፒፕ «ሩት» የተባለ ተመሳሳይ አማራጭ አለው።

እዚህ ላይ ደስትዲርንና ፕሪፊክስን አለማምታታት ያስፈልጋል። ፕሪፊክስ ፕሮግራሙ ወደፊት የሚኖርበትን ቦታ ይናገራል፤ አድራሻውም ብዙ ጊዜ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀርጾ ይቀራል። ደስትዲር ግን ለቅጂው ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መንገድ ነው። ፕሪፊክሱ ራሱ ማረፊያው ተብሎ ከተገነባ ፕሮግራሙ ከተዛወረ በኋላ ማዋቀሪያ ፋይሉን በማይኖር ፎልደር ውስጥ ይፈልጋል። ደስትዲርን የማያውቁ ፓኬጆችም አሉ፤ ቢዚፕ2 የታወቀ ምሳሌ ነው። ሜክፋይሉ የሚቀበለው ፕሪፊክስን ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የሚፈጥራቸው ሲምቦሊክ ሊንኮች ሙሉ አድራሻ የያዙ ስለሆኑ በማረፊያው ሲጫን ሊንኮቹ ወደ ማረፊያው ያመለክታሉ። ሊኑክስ ፍሮም ስክራች በሴድ አንድ መስመር ለውጦ ሊንኮቹን አንጻራዊ የሚያደርጋቸው ለዚህ ነው፤ ይህ እርማት ከተደረገ ቢዚፕ2ን በማረፊያ ውስጥ መጫን አያስፈራም።

ፓኬጁ ማረፊያው ላይ ካረፈ በኋላ ያለው ምርመራ ከሥራው ሁሉ ጠቃሚው ክፍል ነው፤ ብዙዎች ግን ይዘሉታል። በመጀመሪያ በማረፊያው አናት ላይ ምን ፎልደሮች እንደተፈጠሩ ይታያል። በአሁኑ አሠራር /ቢን፣ /ኤስቢን እና /ሊብ በ/ዩኤስአር ሥር ወዳሉት አቻዎቻቸው የሚያመለክቱ ሲምቦሊክ ሊንኮች ናቸው። አንድ የቆየ ፓኬጅ በማረፊያው ውስጥ እውነተኛ የ/ሊብ ፎልደር ፈጥሮ ከሆነና ያ በታር ወደ ሩት ከተፈታ፣ ጂኤንዩ ታር በተለመደው ጠባዩ ሊንኩን አጥፍቶ በቦታው ፎልደሩን ይተካል። ከዚያ በኋላ በ/ሊብ በኩል የሚፈለግ ነገር ሁሉ ይታጣል። ከርነሉ ሞጁሎቹን አያገኝም፤ በ64 ቢት ሲስተም ላይ ተመሳሳዩ አደጋ በ/ሊብ64 ከደረሰ ደግሞ ዳይናሚክ ሊንከሩ ስለሚጠፋ «ኤልኤስ» እንኳ አይሠራም። መፍትሔው በማረፊያው ውስጥ እንዲህ ያለ ፎልደር ከተገኘ ይዘቱን ወደ ዩኤስአር ማዛወር ነው። ታር «ኪፕ ዳይሬክቶሪ ሲምሊንክ» የሚል አማራጭ አለው፤ እሱን በስክሪፕቱ ውስጥ ለዘለቄታው ማስገባትም ተጨማሪ ጥበቃ ይሆናል።

ቀጥሎ በ/ዩኤስአር/ሼር/ኢንፎ ውስጥ «ዲር» የሚባል ፋይል መኖሩ ይጣራል። ይህ የኢንፎ ሰነዶች ማውጫ ነው። በማረፊያው የተፈጠረው የአዲሱን ፓኬጅ ስም ብቻ ስለሚይዝ የሲስተሙን ማውጫ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ከማረፊያው ይሰረዛል። በ/ኢቲሲ ሥር ያሉ ማዋቀሪያ ፋይሎችም ቀድሞ የተስተካከሉትን እንዳይተኩ ስማቸው ላይ «ኒው» ይጨመርና በኋላ በእጅ ይነጻጸራሉ። የዲበግ መረጃ የሚቆረጥ ከሆነም ጊዜው አሁን ነው፤ አሻራ ከተወሰደ በኋላ ፋይሉን መንካት አሻራውን ዋጋ ያሳጣል።

የባለቤትነት ነገርም አለ። ማረፊያው በተራ ተጠቃሚ ስም ከተሠራ ፋይሎቹ የዚያ ተጠቃሚ ይሆናሉ፤ ወደ ሩት ሲገቡም እንደዚያው ይቀራሉ። የባለቤት መቀየሪያውን ትዕዛዝ በኋላ መጠቀም ይቻላል፤ ይሁንና ባለቤት ሲቀየር ሊኑክስ የ«ሴትዩአይዲ» ምልክትን ከፕሮግራሙ ላይ ያነሣል። «ኤስዩ» እና «ፓስወርድ» ያለዚህ ምልክት አይሠሩም። ስለዚህ የማረፊያው ጭነት ተራ ተጠቃሚን እንደ ሩት በሚያስመስለው በፋክሩት ሥር ቢደረግና ታሩም በዚያው ቢታሰር ችግሩ ከምንጩ ይደርቃል።

አሁን ዝርዝሩ ይወጣል። በማረፊያው ውስጥ ቆሞ «ፋይንድ» ፎልደር ያልሆነውን ሁሉ እንዲዘረዝር ይታዘዛል፤ በየመስመሩ መጀመሪያ ያለው ነጥብ ይነሣል፣ በ«ሶርት» ይደረደራል፣ በመዝገቡ ውስጥም ይጻፋል። ፓኬጁ የፈጠራቸው ፎልደሮች በሌላ ዝርዝር ለብቻቸው ይያዛሉ። የሶርት ቅደም ተከተል ከሎኬል ሎኬል ስለሚለያይ ሁልጊዜ «ሲ» በተባለው ሎኬል መደርደር አለበት፤ አለዚያ በኋላ ሁለት ዝርዝሮችን በ«ኮም» ማነጻጸር የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ከዚያ በየፋይሉ ላይ ሻ256 ተሠርቶ አሻራዎቹ በአጠገቡ ይቀመጣሉ።

ከመግባቱ በፊት የመጨረሻው ማጣሪያ የግጭት ፍተሻ ነው። አዲሱ ዝርዝር ከቀደሙት ፓኬጆች ዝርዝሮች ሁሉ ጋር ይነጻጸራል፤ በሁለት ፓኬጆች የሚገኝ መስመር ካለ አንዱ ሌላውን ሊተካ ነው ማለት ነው። ይህ በሐሳብ ብቻ የሚፈራ አይደለም። «ኪል» የተባለው ፕሮግራም በኮርዩቲልስ፣ በዩቲልሊኑክስና በፕሮክፒኤስ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይገኛል፤ ሊኑክስ ፍሮም ስክራች ከዩቲልሊኑክስ የመጣውን ይዞ ሌሎቹን ሁለቱን ሲዋቀሩ ያስቀራቸዋል። «ግሩፕስ» እንዲሁ በሻዶውና በኮርዩቲልስ መካከል ይጋጫል። ግጭት ሲገኝ አንዱን ፓኬጅ ያንን ፕሮግራም እንዳይሠራ አድርጎ እንደገና ማዋቀር ትክክለኛው መንገድ ነው። «የመጨረሻው ያሸንፋል» ብሎ ማለፍ ግን ፓኬጁ የተራገፈ ዕለት ያስከፍላል፤ ዝርዝሮቹ ካልተነጻጸሩ የሁለቱም ፋይል አብሮ ይሄዳልና።

ግጭት ከሌለ የማረፊያው ይዘት በታር ይታሰርና ወደ ሩት ይፈታል። ታር ነባሩን ፋይል አንሥቶ አዲስ ይፈጥራል፤ «ሲፒ» ግን በነባሩ ፋይል ላይ ይጽፋል። በሥራ ላይ ባለ ላይብረሪ ላይ መጻፍ ያንን ላይብረሪ የሚጠቀሙትን ፕሮግራሞች በሙሉ ሊጥል ስለሚችል ሲፒ የግድ ከሆነ «ሪሙቭ ዴስቲኔሽን» ከሚለው አማራጭ ጋር ብቻ ይሠራበታል። ከዚያ «ኤልዲኮንፊግ» ይሠራል። በማረፊያ ሲጫን የሚዘለሉ የማጠናቀቂያ ሥራዎች አሉ፤ የጂሊብ ስኪማ፣ የአይከን ካሽና የዴስክቶፕ ዳታቤዝ በእጅ መታደስ ይኖርባቸዋል። የታሰረው ታር ባይጣል ይመከራል። አዲሱ ቨርዥን ካልሠራ ያለ ኮምፓይል ወደ ቀድሞው ለመመለስ ያገለግላል።

ማረፊያ የማይቀበሉ ፓኬጆች

አንዳንድ ጫኚ ደስትዲርን አያውቅም፣ ለማስተካከልም አይመችም። ለእነዚህ የሰዓት ምልክት ዘዴ አለ። ከጭነቱ በፊት በ«ተች» ባዶ ምልክት ፋይል ይፈጠራል፤ ከጭነቱ በኋላ «ፋይንድ» ከምልክቱ የዘገዩትን ፋይሎች ይፈልጋል። እዚህ ላይ «ኒወር» የተባለውን አማራጭ መጠቀም የተለመደ ስሕተት ነው። ኒወር የሚያየው ይዘቱ የተለወጠበትን ሰዓት ነው፤ ብዙ ጫኚዎች ደግሞ ፋይሉን ሲገለብጡ የድሮውን ሰዓት ይዘው ስለሚያስቀምጡ ፋይሉ ከዝርዝሩ ይቀራል። «ሲኒወር» ግን የኢኖዱን የለውጥ ሰዓት ስለሚያይ እንዲህ አይታለልም። ፍለጋው ፕሮክን፣ ሲስን፣ ዴቭን፣ ራንን፣ ቲኤምፒንና የተጠቃሚዎችን ፎልደር ማለፍ አለበት። ጭነቱ በሚካሄድበት ጊዜ ሌላ ፓኬጅ አይጫንም፤ ሎግ የሚጽፉ አገልግሎቶችም ዝርዝሩን ስለሚያቆሽሹት ውጤቱ በዓይን ይጣራል።

ከዚህ የረቀቀው መንገድ ጫኚውን ሥራ ላይ እያለ መከታተል ነው። ፖርግ የተባለው ፕሮግራም በኤልዲ ፕሪሎድ አማካይነት በጫኚውና በሲ ላይብረሪ መካከል ገብቶ የሚፈጠረውን ፋይል ሁሉ ይመዘግባል። ቼክኢንስቶል ደግሞ በተመሳሳይ ጥበብ የዴቢያን፣ የአርፒኤም ወይም የስላክዌር ፓኬጅ ይሠራል። የሁለቱም ድካም አንድ ነው፤ ራሱን ችሎ በስታቲክ የተገነባ ጫኚ በሲ ላይብረሪ በኩል ስለማያልፍ ከዓይናቸው ያመልጣል። «ኤስትሬስ» የከርነል ጥሪዎችን ስለሚያይ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውጤቱ ግን እጅግ ረጅም ስለሆነ ለማጣራት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሌሎች ሁለት መንገዶች

ቦብ ግሊክስታይን የጻፉት ጂኤንዩ ስቶው እያንዳንዱን ፓኬጅ በራሱ ፎልደር፣ ለምሳሌ በ/ዩኤስአር/ሎካል/ስቶው ሥር፣ ያስቀምጥና ወደ /ዩኤስአር/ሎካል ሲምቦሊክ ሊንኮችን ይዘረጋል። መዝገቡ የፋይል ሥርዓቱ ራሱ ነው፤ የሊንኩን መድረሻ ማየት የፋይሉን ባለቤት ይነግራል፤ ግጭት ሲኖርም ስቶው አልዘረጋም ብሎ ይቆማል። በዴቢያን ወይም በፌዶራ ላይ ጥቂት ፓኬጆችን ብቻ ከምንጭ ኮድ ለሚጭን ሰው ከዚህ የተሻለ የለም ማለት ይቻላል። ለመሠረታዊው ሲስተም ግን አይስማማም። ጂሊብሲን ወይም ባሽን በሊንክ ላይ ማስቀመጥ አንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ ሲስተሙን በሙሉ እንዲጥል በር መክፈት ነው።

ሁለተኛው ማቲያስ ቤንክማን ለሊኑክስ ፍሮም ስክራች ገንቢዎች ያቀረቡት የፓኬጅ ተጠቃሚዎች ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ፓኬጅ በስሙ የተጠቃሚ መለያ ይፈጠርለታል፤ ፓኬጁም በዚያ መለያ እንጂ በሩት አይጫንም። የጋራ ፎልደሮች ለአንድ ግሩፕ ይከፈቱና «ስቲኪ ቢት» ይደረግባቸዋል፤ ስለዚህ አንዱ ፓኬጅ አዲስ ፋይል መጨመር ይችላል፣ የሌላውን ፋይል ግን መተካትም መሰረዝም አይችልም። የፋይሉን ባለቤት «ኤልኤስ» ራሱ ይናገራል። ከምዝገባም በላይ ጥበቃ ነው፤ የማያምኑትን የጭነት ስክሪፕት በሩት ሥልጣን ከማስኬድ ያድናል። ዋጋው ሴትዩአይዲ የሚፈልጉትንና ባለቤት ለመቀየር የሚሞክሩትን ፓኬጆች በእጅ ማስተካከል ነው፤ እነዚህም ጥቂት አይደሉም።

በጎን የሚገቡ ፋይሎች

ፒፕ፣ ካርጎ፣ ኤንፒኤምና የፐርል ጫኚ የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ፓይተን በየፓኬጁ የመረጃ ፎልደር ውስጥ «ሬከርድ» የተባለ ዝርዝር ያስቀምጣል፤ ፐርል «ፓክሊስት» ይጽፋል፤ ሲሜክ በግንባታ ፎልደሩ ውስጥ «ኢንስቶል ማኒፌስት» የሚል የጽሑፍ ፋይል ይተዋል፤ ሜሶንም የጭነት ሎግ አለው። የግንባታ ፎልደሩ ሲሰረዝ የሲሜክና የሜሶን ዝርዝሮች አብረው ስለሚጠፉ አስቀድመው ወደ መዝገቡ መገልበጥ አለባቸው። በሩት ሆኖ ፒፕን በቀጥታ ማስኬድ ግን ባይደረግ ይሻላል። ለፕሮጀክት የሚፈለጉት በቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ይገባሉ፤ ለሲስተሙ የሚፈለጉት እንደማንኛውም ፓኬጅ በማረፊያ በኩል ያልፋሉ።

ማደስና ማራገፍ

አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ አዲሱ ይገባል፣ ከዚያ የድሮው ትርፍ ይወጣል። አዲሱ ፓኬጅ በማረፊያው ተጣርቶ በድሮው ላይ ይጫናል። ከዚያ የድሮውና የአዲሱ ዝርዝር በ«ኮም» ተነጻጽረው በድሮው ብቻ የሚገኙት መስመሮች ይለያሉ፤ የሚሰረዙት እነዚያ ብቻ ናቸው። ባሽን፣ ኮርዩቲልስን ወይም ጂሊብሲን ቀድሞ አራግፎ አዲሱን መጫን አይታሰብም፤ የሚጭነው መሣሪያ ራሱ ይጠፋልና። ጂሊብሲን ወደ ቀድሞ ቨርዥን መመለስም የተከለከለ ያህል ነው፤ በአዲሱ ላይ የተገነቡ ፕሮግራሞች በድሮው የሌሉ ምልክቶችን ይፈልጋሉ።

ከሚሰረዙት መካከል ላይብረሪ ካለ ግን አራተኛው ጥያቄ ይነሣል። በመስከረም 2021 ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 ሲወጣ የላይብረሪው መለያ ስም መጨረሻ ከ1.1 ወደ 3 ተቀየረ። በ1.1 ላይ የተገነቡት ፕሮግራሞች ሁሉ የሚፈልጉት የድሮውን ስም ነው፤ ፋይሉ ከተሰረዘ ከርልም፣ ኤስኤስኤችም ይቆማሉ፤ አዲስ ምንጭ ኮድ ማውረጃውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መለያ ስሙ የተለወጠ ላይብረሪ ወዲያው አይሰረዝም። «ሪድኤልፍ» በየፕሮግራሙና በየላይብረሪው ላይ ሲሠራ «ኒድድ» በሚሉት መስመሮች ማን ማንን እንደሚፈልግ ያሳያል፤ የድሮውን ስም የሚጠሩት ተለይተው፣ በመዝገቡ ባለቤታቸው ታውቆ፣ አንድ በአንድ እንደገና ይገነባሉ። የሚጠራው ሲታጣ ፋይሉ ይሰረዛል። ላይብረሪን በስታቲክ አካተው የተገነቡ ፕሮግራሞች በዚህ ምርመራ አይታዩም። በመዝገቡ የጥገኝነት መስመር ከተጻፈ ብቻ ይገኛሉ፤ ሃርትብሊድን በመሰለ ቀን ደግሞ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

ፓኬጅ ጨርሶ ሲራገፍ ዝርዝሩ መስመር በመስመር ይነበባል። አንድ ፋይል በሌላ ፓኬጅ ዝርዝር ውስጥ ካለ ይዘለላል፤ ከሌለ ይሰረዛል። ፎልደሮች ከጥልቁ ጀምሮ በ«አርኤምዲር» ይሞከራሉ፤ አርኤምዲር ባዶ ያልሆነውን ስለማይነካ የሌላ ፓኬጅ ንብረት አይጠፋም። በዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ፎልደርን ከነይዘቱ የሚያጠፋ ትዕዛዝ መስጠት ፈጽሞ አያስፈልግም፤ አንድ ባዶ መስመር ወይም ክፍት ቦታ ያለው የፋይል ስም ትዕዛዙን ወደ ሩት ሊመራው ይችላል። የምንጭ ኮዱ «ሜክ አንኢንስቶል» ቢኖረውም እንደ ዋና መንገድ አይታመንበትም፤ ብዙ ፓኬጆች የላቸውም፣ ያላቸውም ሲገነቡ የነበረውን ውቅር በትክክል ይፈልጋሉ። በመጨረሻ ኤልዲኮንፊግ ይሠራል፣ የፓኬጁም መዝገብ ወደ ተራገፉት ፎልደር ይዛወራል።

ያለ መዝገብ የቆመ ሲስተም

ሲስተሙ ቀድሞ ያለ መዝገብ ከተገነባ ከዜሮ መጀመር አይጠበቅም። እያንዳንዱ ፓኬጅ በያዘው ቨርዥን እንደገና ኮምፓይል ተደርጎ በማረፊያ ብቻ ይጫናል፤ ዝርዝሩ ይወሰዳል፣ ማረፊያው ይጣላል። ሲስተሙ አይነካም፤ የሚገኘው መዝገብ ብቻ ነው። ጊዜ ከሌለም ይህ ሥራ በየማደሻው ጊዜ ቀስ በቀስ ይሠራል፤ ሊኑክስ ፍሮም ስክራች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም መጀመሪያ አካባቢ፣ አዲስ እትም ስለሚያወጣ ከመሠረታዊዎቹ ፓኬጆች ብዙዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ተራ ይደርሳቸዋል።

ዝርዝሮቹ ሲሟሉ ሁሉም ተዋሕደው በ/ዩኤስአር ውስጥ በእውነት ካሉት ፋይሎች ጋር ይነጻጸራሉ። በመዝገቡ ኖረው በዲስኩ የሌሉት ተሰርዘዋል ማለት ነው፤ ፓኬጃቸው እንደገና ይጫናል። በዲስኩ ኖረው በመዝገቡ የሌሉት ባለቤት አልባ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ንጹሕ ምክንያት አላቸው፦ ካሾች፣ የፓይተን ኮምፓይል ፋይሎች፣ ከጭነት በኋላ የተፈጠሩ ሊንኮች። እነዚህ ተለይተው በሚታለፉ ፋይሎች ዝርዝር ይያዛሉ። የቀሩት ከድሮ ቨርዥን የተረፉ ፋይሎች ስለሚሆኑ ወደ ሌላ ፎልደር ተዛውረው ሲስተሙ ለጥቂት ሳምንታት ያለ እነሱ ይሠራል፤ የፈለጋቸው ፕሮግራም ካልተገኘ ይሰረዛሉ።